ሲራዕ ፊል ዋዲን ያያችሁ፣ ሰሊም ለምን አንዴም ፓሻውን አልጠረጠረም?

የደምበጫው፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ እናታችን ቤት ተሰብስበን ነበር፣ እህቴ ቤሩት 7 ዓመት ሰርታ ስለመጣች አረብኛ አቀላጥፋ ነው የምትሰማው፣ እና ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ የድሮ የግብፅ ፊልም እየከፈተች እሷ ትተረጉማለች እኛ እናያለን። ሁለተኛው ቀን ያሳየችን ሲራዕ ፊል ዋዲ የሚባል ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፣ በሸለቆው ውስጥ ትግል እንደማለት ነው አለችን። ዑመር ሸሪፍ ገና ልጅ እግር ሆኖ የሰራው። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነኝ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

ላላያችሁት ባጭሩ፣ ላይኛው ግብፅ ውስጥ ጣሂር ፓሻ የሚባል ትልቅ ባለመሬት አለ፣ ሸንኮራ አገዳ ነው የሚያመርተው። አህመድ የሚባል የመንደሩ ልጅ እርሻ ተምሮ ይመለስና የገበሬው አገዳ ስኳሩ ከፓሻው በልጦ እንዲወጣ ያደርጋል። የስኳር ኩባንያው ወደ ገበሬው ሲዞር ፓሻውና የወንድሙ ልጅ ሪያድ ውሃ ለቀው የመንደሩን አዝመራ ያጠፉታል። ይሄ ሳያንስ የመንደሩ ትልቅ ሰው ሼህ አብደል ሰላም ይገደሉና ወንጀሉ በአህመድ አባት በሳቢር ይለጠፋል። ሳቢር ይፈረድበታል፣ ይሰቀላል። ምንም ሳያደርግ! የሟቹ ልጅ ሰሊም ደግሞ የአባቴ ደም ብሎ አህመድን ሊገድል ያሳድደዋል። አህመድ የሚወዳት አማል ደግሞ የማን ልጅ ናት፣ የፓሻው።

እናቴ እንዝርቷን ይዛ እየፈተለች ነበር የምታየው፣ ሳቢር የተሰቀለ ጊዜ እንዝርቷን አስቀመጠችና "ሽማግሌ የለም እንዴ ባገሩ? ሰው ሲሞት አይቀመጡም? ማን ገደለ ብለው አይጠያየቁም?" አለች። እህቴ ምን ትመልስ። ከዛ በኋላ እናቴ ጥጥ አልነካችም፣ እስከ መጨረሻው እጇን አጣጥፋ ነው ያየችው።

እኔን የያዘኝ ግን የሰሊም ነገር ነው። ውሃውን ማን እንደለቀቀው መንደሩ በሙሉ ይጠረጥራል፣ አባቱ ከማንም ጋር ቂም እንደሌለው እሱ ራሱ ያውቃል፣ አህመድ ደግሞ አብሮ አደጉ ነው። ታዲያ እንዴት አንዴም ቆም ብሎ "ይሄ ሞት ማንን ጠቀመ" አላለም? ፊልሙ እዚህ ላይ ደክሞ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ? ያያችሁት ካላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ፣ የድሮ ፊልም የማያዩ ጓደኞቼ ሰለቹኝ።

ጣና ዳር፦

ወንድሜ እንኳን ጠየቅክ፣ ይሄንን ፊልም የሚያነሳ ሰው ባህር ዳር ውስጥ ፈልጌ አጥቼ ነበር። ስለ ሰሊም ያለኝን ከመናገሬ በፊት ፊልሙ መቼ እንደተሰራ ማወቅ ይጠቅማል ብዬ ስለማስብ ከዛ ልጀምር።

የወጣው በፈረንጅ 1954 ነው፣ ዳይሬክተሩ ዩሱፍ ሻሂን ነው፣ ያኔ እድሜው 28 ነበር ብታምንም ባታምንም። በዛው ዓመት ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ቀርቧል። አህመድን የሚሰራው ዑመር ሸሪፍ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፣ ከዛ በፊት ካሜራ ፊት ቆሞ አያውቅም፣ ሻሂን ነው አምጥቶ አማልን ከምትሰራው ከፋተን ሐማማ ጋር ያቆመው፣ እሷ በዛን ጊዜ የግብፅ ትልቋ ኮከብ ናት። በነጋታው ዓመት በ1955 ተጋቡ፣ እሱ ክርስቲያን ስለነበር ሰልሞ ነው ያገባት። እህትህ ይሄን ሳትነግርህ አትቀርም፣ አረብ አገር የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፊልሙ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ሐምሌ 1952 (በፈረንጅ ነው የማወራው) መኮንኖቹ ንጉሥ ፋሩክን አውርደውት ነበር። በመስከረም የመሬት ሕግ አወጡና አንድ ሰው ከ200 ፈዳን በላይ እንዳይዝ አደረጉ፣ አንድ ፈዳን ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያንሳል። በ1961 ደግሞ ወደ 100 አወረዱት። ስለዚህ ጣሂር ፓሻን ካይሮ ሲኒማ ቤት ቁጭ ብሎ ያየው ሰው ትናንት የወረደለትን ሰውዬ ነው የሚያየው። ቁስሉ ገና ትኩስ ነው። ፓሻ፣ ቤይ የሚሉት ማዕረግ ራሱ ከአብዮቱ ጋር ነው የቀረው።

ፓሻውን የሚሰራው ዘኪ ሩስተም ራሱ ከትልቅ ቤት የተወለደ ሰው ነው፣ ቤተሰቡ አርቲስት አትሆንም ብለውት ነበር። ለዛ ይመስለኛል እንደ ሌሎች ፊልሞች ክፉ ሰው የማይጮኸው። ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ልጁን ሲያይ ፊቱ ይፈታል፣ ልጁን ይወዳታል እኮ ከልቡ፣ ፊልሙ ከዚህ ላይ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ልጁን የሚወድ አባት የሰው አባት ያሰቅላል። ሪያድን የሰራው ፈሪድ ሸውቂ ደግሞ ጉልበቱን የሚያሳይ ነው፣ እሱን ስታየው ማን እንደገደለ ለመገመት አትቸገርም፣ ፓሻውን ግን ስታየው ትጠራጠራለህ።

እና ሰሊም ላይ ፊልሙ አልደከመም እላለሁ። ሰሊም ፓሻውን ያላሰበው ፓሻውን ስለሚያምነው አይደለም፣ ፓሻ የሚባል ነገር በእሱ ዓይን የሚከሰስ ነገር ስላልሆነ ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የለ እኛስ ጋ? ጥርጣሬ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ለሰሊም ጠላት ሊሆን የሚችለው እኩያው ነው። እኩያው ደግሞ አህመድ ነው።

ለማንኛውም መጨረሻው ላይ ካርናክ በሚባለው የጥንት መቅደስ ውስጥ ያለውን መሳደድ ድጋሚ እየው፣ በትልቅ ቲቪ ካገኘህ። ትልቁ አዳራሽ 134 ዓምድ ነው ያለው፣ ሰው ከዓምዱ ስር ሲቆም ጉንዳን ያክላል። ሻሂን እዛ ቦታ ላይ የቀረፀው ዝም ብሎ ለውበት አይመስለኝም።

የደምበጫው፦

ወንድሜ ጥርጣሬ ወደ ጎን ነው የሚሄደው ያልከው ልቤን ነካው። እህቴ ሰርጉን ነግራኛለች አዎ፣ ፊልሙን አቁማ ነው ያወራችን። አንድ የቀረኝ፣ ያ ውሃ መልቀቅ ግን እንደዛ በአንድ ሌሊት ሰው ሊያጠፋ ይችላል? ለፊልም የተጋነነ ነው የመሰለኝ።

ቆጋ ዳር፦

ፊልሙን አላየሁትም እውነቱን ለመናገር፣ ግን የውሃ ጉዳይ ስለተነሳ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ መራዊ ነኝ፣ ቆጋ መስኖ ላይ ነው የምንሰራው፣ 7 ሺህ ሄክታር አካባቢ የሚያለማ ነው፣ እና ውሃ ሰው እንዴት እንደሚያጣላ ከእኛ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

አልተጋነነም ወንድሜ። አገዳ ለመድረስ ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ በቆሎ አይደለም በሦስት በአራት ወር መልሰህ የምትዘራው። ስለዚህ አዝመራህ ሊቆረጥ ሲል ውሃ ቢተኛበት የጠፋብህ የዓመት ጉልበትህ ነው፣ የሚቀጥለውም ዓመት ነው፣ ብድርህም ነው። ደግሞ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ አይቆይም፣ ቶሎ ፋብሪካ ካልገባ ስኳሩ ይወርዳል፣ ለዚህ ነው ገበሬው ለፋብሪካው እጁን ሰጥቶ የሚኖረው። ያ አህመድ የሚባለው ልጅ የስኳሩን መጠን ከፍ አደረገ ያልከው ትልቅ ነገር ነው፣ ፓሻው የደነገጠው ወዶ አይደለም።

ላይኛው ግብፅ ድሮ በዓመት አንዴ ዓባይ ሲሞላ ውሃውን በትልልቅ ገንዳ በመሰለ ማሳ እያሰሩ ነበር የሚያርሱት። እንግሊዞች በፈረንጅ 1902 አስዋን ላይ ግድብ ሰሩ፣ 1908 ኢስና ላይ፣ 1930 ነጅ ሐማዲ ላይ ደግሞ ውሃ ማንሻ ተሰራ፣ ከዛ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ያስፈልገዋል የሚባል እንደ አገዳ ያለ ነገር በሰፊው መዝራት ተቻለ። ግን ልብ በሉ፣ ውሃው በጎርፍ ሲመጣ ለሁሉም ነው የሚመጣው፣ በቦይና በመዝጊያ ሲሆን ግን የመዝጊያው ቁልፍ ያለው ሰው አለ። ጉልበት እዛ ጋ ገባ። ፓሻው ሽጉጥ ከመተኮሱ በፊት የተኮሰው ውሃ ነው።

እኛ ጋ የውሃ አባት አለን። ሕዝቡ ራሱ መርጦ የሚያስቀምጠው ነው፣ ተራ ያወጣል፣ ሌሊት ሰርቆ ቦይ የከፈተ ካለ ይቀጣል። የውሃ አባት የሚመረጠው ሀብታም ስለሆነ አይደለም፣ የማያዳላ ስለሆነ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቦዩ መጨረሻ ላይ ማሳ ያለው ሰው እንዲሆን እንፈልጋለን ምክንያቱም ለእሱ ውሃ ከደረሰ ለሁሉም ደርሷል ማለት ነው። የውሃ አባት ያዳላ ቀን ግን ዶማ ይዞ የሚወጣ ሰው አይጠፋም፣ አይቻለሁ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ሌሊት ተራ ምክንያት ለቅሶ ሳይደራረሱ 4 ዓመት የቆዩ እኛው ሰፈር አሉ።

እና ዓባይ ከሰከላ ከግሽ ተነስቶ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ እዛ ያለውን አገዳ ሲያጠጣ ሳስበው፣ ለካ የደሃው ጭንቀት እዛም እዚህም አንድ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እኛን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ፊልሙን ዛሬውኑ ፈልጌ አያለሁ።

የቢቸና ጡረተኛ፦

ልጆች እንደምን ዋላችሁ። እኔ እንኳን ለፊልም ሩቅ ነኝ፣ ይሄንን ፊልም ግን የልጅ ልጄ በስልኳ አሳይታኛለች፣ ሁለት ጊዜ። ፍርድ ቤት በመዝገብ ጽሕፈት ከ30 ዓመት በላይ ስለሠራሁ የሚሰማኝን ልበል።

የደምበጫው ልጄ፣ እናትህ የጠየቁት ጥያቄ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። በእኛ አገር ድሮ ገዳዩ ያልታወቀ ሰው ሲሞት አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። ያገሩ ወንድ በሙሉ ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ከዛፍ ስር ይቀመጣሉ፣ እስኪወጣ ድረስ ይመላለሳሉ እንጂ አይበተኑም። ያየ ሰው ደግሞ ፈርቶ እንዳይደብቅ ስሙ ሳይወጣ በሚስጥር ለተመረጡት ሽማግሎች ይናገራል፣ ወፍ ነው የሚሉት። ወፍ አለች ከተባለ ማን ነገረህ አይባልም። የዚህ ሥርዓት ጥቅሙ ምን መሰላችሁ፣ ነገሩን የሚያጠራው ሬሳውን ያነሳው ሕዝብ ራሱ ነው። በፊልሙ ላይ ግን ሼሁ የሞቱ ጊዜ መንደሩን አንድ ላይ አስቀምጦ የጠየቀ ማንም የለም። ነገሩ በቀጥታ ወደ መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት ዘንድ ደግሞ ቀድሞ የደረሰው ፓሻው ነው።

ፍርድ ቤቱ ለምን ሰቀለው ብትሉኝ፣ ፍርድ ቤት የሚያየው መዝገቡ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። እኔ መዝገብ ሳደራጅ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መዝገብ ዓይን የለውም። ምስክሩ ከተጠና፣ መሣሪያው በተፈለገው ቦታ ከተገኘ፣ ዳኛው ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም። ግብፅ ውስጥ የሞት ፍርድ ሲሰጥ መዝገቡ የእስልምና ሕግ ሊቅ ወደሆነው ወደ ሙፍቲው ተልኮ አስተያየት ይጠየቅበታል፣ አስተያየቱ ግን ፍርድ ቤቱን አያስገድድም። በእኛም ሕግ ቢሆን የሞት ቅጣት የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ሳያጸድቀው አይፈጸምም፣ በእኛ አቆጣጠር በ1949 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ንጉሠ ነገሥቱ ካላጸደቁት አይፈጸምም ነበር። ይሄ ሁሉ በር የተበጀው እንደ ሳቢር ያለ ሰው እንዳይሄድ ነው። ሐሰቱ ከሥር ከተተከለ ግን በሩ ሁሉ ያንኑ ወረቀት ነው የሚያነበው። ፊልሙ ላይ የሳቢር መሰቀል ያንገበገበኝ ለዚህ ነው፣ የልጅ ልጄ ፊት አለቀስኩ።

አሁን ሰሊም። ባለደም የሆነ ሰው ምን እንደሚሰማው ያላየ ሰው ሰሊምን ይፈርድበታል። በእኛ አገር አባቱ የሞተበት ልጅ ጠላ ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ሰርግ ላይ ፉከራ ሲነሳ ሰዉ እሱን ያያል። እናቱ የሟቹን ልብስ ከግድግዳ አታወርድም። ማንም ግደል አይለውም፣ ግን አልገደልክም እንደሚሉት ያውቃል። እንዲህ ያለ ልጅ እውነቱን አይፈልግም ልጄ፣ የሚፈልገው የሚያሳርፈውን ነው። ፓሻው ይሄንን ያውቃል። ሁለት ደሃ ቤት በአንድ ጥይት ነው ያፈረሰው፣ አንዱን በገመድ ሌላውን በቂም።

ለዚህ ነው ደም ማድረቅ የሚባለው ነገር የኖረው። ሽማግሌ ይላካል፣ ካህናት መስቀል ይዘው ይገባሉ፣ የገዳይ ወገን አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፣ ካሣ ይከፈላል፣ ሁለቱ ወገን ተማምሎ አብሮ ይበላል። አንድ ጊዜ አይሳካም፣ ሽማግሌው ሦስቴ አራቴ ይመለሳል። ሰሊምና አህመድ መካከል እንዲህ ያለ ሰው ቢገባ ኖሮ ሁለቱ ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ የፓሻው ነገር በራሱ ይወጣ ነበር። ያ መንደር ሊያስታርቅ የሚችለው ሰው ማን ነበር? ሼህ አብደል ሰላም። እሳቸውን ነው አስቀድመው የገደሉት።

የደምበጫው፦

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገርዎን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት፣ ዝም አለች ዝም አለችና "አየህ" አለችኝ። በቃ ይሄንን ብቻ። ሼሁ ለምን እንደተመረጡ እኔ አስቤው አላውቅም ነበር፣ ዝም ብሎ ሬሳ ስለሚያስፈልጋቸው ነበር የመሰለኝ።

የሞጣዋ፦

ጋሼ የተናገሩትን በጣም አክብሬ ነው የማነበው ግን አንድ ነገር ልቃወም ፍቀዱልኝ። ሽምግልናን እንደ መድኃኒት አድርገን ስናወራ እኔ አይዋጥልኝም። ሽማግሌም እኮ ሰው ነው፣ የማን ቤት ጠላ እንደሚጠጣ፣ የማን በሬ ተውሶ እንደሚያርስ ይታወቃል። ጣሂር ፓሻ ያለበት መንደር ሽማግሌ ቢቀመጥ ከዛፉ ስር የመጀመሪያው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ራሱ ፓሻው አይደለም?

ይሄንን የምለው ከቤቴ ያየሁት ስላለ ነው። የእናቴ አባት የሞተው በመሬት ድንበር ጠብ ነው። ገዳይ የተባለው ጎረቤታችን ነበር፣ የክርስትና ዘመዳችንም ነው፣ ታሰረ፣ ልጆቹ አገር ጥለው ሄዱ። አጎቴ 19 ዓመቱ ነበር፣ ጠብመንጃ ገዝቶ ትምህርቱን ጣለ፣ ልጆቹን ፍለጋ እስከ መተከል ወረደ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር፣ አስታርቀናል አሉ፣ ካሣ ተቆረጠ። ከ11 ዓመት በኋላ ነው ገዳዩ የሁለቱንም ቤት መሬት እየቆረሰ ሲያርስ የኖረ ሦስተኛ ሰው መሆኑን ሰው በግልጽ ማውራት የጀመረው፣ ያ ሰው ደግሞ ከአስታራቂዎቹ አንዱ ነበር። ስም አልጠራም፣ ሞቷል ልጆቹም አላጠፉም። አያቴ ግን የባሏን ነጭ ጋቢ አንድም ቀን ሳታጥበው ነው የሞተችው። አጎቴ ዛሬም ሰው ዓይን አያይም። ስለዚህ የሰሊም ነገር ፊልም ነው ተብሎ አይታለፈኝም፣ የደምበጫው የጠየቅከው ጥያቄ እኛ ቤት ዘመን ሙሉ የተጠየቀ ነው።

ሌላው ደግሞ ሁላችሁም ወንዶቹን ብቻ ነው ያነሳችሁት። በሉ እስኪ፣ ስለ እናቶች ማን አወራ? ለሰሊም ጋሼ እንዳሉት ልብስ ሰቅሎ ማሳየት ሳይሆን ልጄ ተው የምትልም እናት አለች። አያቴ አጎቴን እግሩ ላይ ወድቃ ለምናዋለች። አማልስ? አማል የአባቷን ነገር ስታውቅ የሚሆነውን ፋተን ሐማማ በፊቷ ብቻ ነው የምትሰራው፣ እኔ እሱን ትዕይንት አራት ጊዜ መልሼ አይቼዋለሁ። ቤቱ የፈረሰው የአህመድ ብቻ አይደለም፣ አባቷን በሕይወት እያለ ያጣችው እሷ ናት።

ጣና ዳር፦

እህቴ ትክክል ነሽ፣ የአማልን ነገር ማንሳት ነበረብኝ። አባት በሕይወት እያለ ማጣት ያልሽውን በዚህ ፊልም ላይ ማንም እንዲህ ሲለው አልሰማሁም።

ለአጎትሽ በጣም ነው ያዘንኩት።

ቤተሰብ ሲፈርስ ከሴቷ በኩል የሚያሳይ ከፈለግሽ ቢዳያ ወ ኒሃያን እዪ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ማለት ነው። በፈረንጅ 1960 ሰላህ አቡ ሰይፍ የሰራው ነው፣ ከነጊብ ማህፉዝ ልቦለድ ተወስዶ። አባት ይሞታል፣ ጡረታው አይበቃም፣ እናትና አራት ልጆች ይቀራሉ። ዑመር ሸሪፍ መኮንን መሆን የሚፈልገውን ትንሹን ልጅ ነው የሚሰራው፣ ፈሪድ ሸውቂ ወደ ዱርዬነትና ወደ አደንዛዥ ዕፅ የሚገባውን ትልቁን። ሰናእ ጀሚል የምትሰራት ነፊሳ የምትባለው እህታቸው ልብስ እየሰፋች ታናሽ ወንድሟን ታስተምራለች፣ በኋላ የወደቀችበት ነገር ሲታወቅ ራሱ ያስተማረችው ወንድሟ ነው የሚፈርድባት። መጨረሻው ዓባይ ላይ ነው። እዛ ፊልም ላይ ፓሻ የለም፣ ክፉ ሰው ፈልገሽ አታገኚም፣ ድህነትና ክብር ብቻ ናቸው ያሉት። ለብቻሽ ግን አትዪው፣ ይከብዳል።

የቢቸና ጡረተኛ፦

የሞጣዋ ልጄ፣ እውነትሽን ነው። ሽማግሌ ያዳላ እንደሆን ከዳኛ ይብሳል፣ ዳኛ ይግባኝ አለበት። እኔ የነገርኩት እንዲሆን የሚገባውን ነው፣ አንቺ የሆነውን ነገርሽኝ። የአያትሽን ነፍስ ይማር።

ስለ መሬት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም የአንቺ ታሪክ ከፊልሙ የሚለይበት ቦታ አለ። ግብፅ ያኔ ፓሻው ሰፊውን መሬት ይዞታል፣ ገበሬው ከሥሩ ነው። በጎጃም ግን በሰፊው የነበረው ርስት ነው፣ ከአንድ አባት የተወለደ ሁሉ የሚካፈለው። ባላባቱም መልከኛውም ነበር፣ ግብሩም ከባድ ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ መሬታችንን ሊለኩት ነው ብሎ የሞጣና የሌላውም አገር ገበሬ እንደተነሳ ትሰሚ ይሆናል፣ ጠቅላይ ገዥው ሁሉ የተነሱበት ነው። ግን በየቀኑ ፍርድ ቤት የሚመጣው ሙግት ከባላባት ጋር አልነበረም። እኔ ሥራ ስጀምር የ1967ቱ አዋጅ ወጥቶ መሬት የሕዝብ ሆኖ እያለ እንኳ የማገላብጠው የድሮ መዝገብ ወንድም ከወንድም፣ አጎት ከወንድም ልጅ ነበር። የአንድ አያት ልጆች በሁለት ጥማድ መሬት 20 ዓመት ይሟገታሉ። እና እኛ ጋ የሚያጣላ ሰው ከላይ መምጣት አያስፈልገውም ነበር፣ ከማዕድ ላይ ነው የሚነሳው። ያንቺም ቤት ያፈረሰው ሰው የክርስትና ዘመዶችን ነው ያጋጨው። ፓሻው ቢሆን እንኳን በሰረገላ ሲመጣ ይታያል።

አጎትሽ አሁን ማን ጋ ነው ያለው?

የሞጣዋ፦

እናቴ ጋ ነው ጋሼ። ላም ይጠብቃል፣ ብዙም አይናገር። ለምን ጠየቁኝ?

የቢቸና ጡረተኛ፦

እንዲሁ ነው ልጄ። ያ የተሰደደው ቤተሰብ ልጆች ካሉ፣ የት እንዳሉ ካወቃችሁ፣ እውነቱም ከወጣ፣ ዛሬም ቢሆን ሰው መላክ ይቻላል ለማለት ነው። ለካሣ አይደለም። አጎትሽ ሰው ዓይን አያይም ስላልሽ ነው። እነሱም እኮ የሰው ዓይን ሳያዩ ይሆናል የኖሩት።

ቆጋ ዳር፦

ፊልሙን አሁን ጨረስኩት፣ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ውሃው ሲለቀቅ ገበሬዎቹ በእጃቸው አፈር እየዛቁ ሊገድቡት ሲሞክሩ እኔ ተነስቼ ቆሜያለሁ፣ ሚስቴ ምን ሆንክ ብላ ነቃች። አረብኛ አልችልም ሰብታይትሉም እንግሊዝኛ ነበር ግማሹን አላነበብኩትም፣ ግን ሁሉም ገብቶኛል። የደምበጫው፣ ሰሊም እውነቱን ሲያውቅ ፊቱን አየኸው? ከዛ በላይ መልስ የምሰጥህ አይመስለኝም።

የሞጣዋ፦

ጋሼ፣ ልጆቹ አንዱ ቻግኒ እንዳለ እናቴ ታውቃለች። ዛሬ ማታ ጠይቄያት ነበር፣ ስልኩን የምታውቅ ሰው አለች አለችኝ። አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማን ነበር፣ አልሄደም።